ቅጠሉን አትቁረጡት

ዛሬ ጠዋት መስኮቴ ላይ አንድ አማሪሊስ አበበ። 4 ዓመት ጠብቄዋለሁ። ሁለት አበቦችን ራሴ አዳቅዬ፣ ዘሩን ለቅሜ፣ ውሃ ላይ አንሳፍፌ ያበቀልኩት ነው። ከእንቅልፌ እንደተነሳሁ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፤ ፊቴን ሳልታጠብ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም።

በፖት አበባ የሚተክል ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ የሚገጥመው ነገር አለ። ኮረቱን ይገዛል፣ ይተክላል፣ አበባው ያምርለታል። በዓመቱ ግን ቅጠል ብቻ ይወጣል። በሦስተኛው ዓመት ቅጠሉም ይቀጥናል። ከዚያ «ይሄ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው» ብሎ ይጥለዋል። እኔም ብዙ ጥያለሁ። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ርቧቸው ነበር እንጂ አልሞቱም።

መጀመሪያ በቃሉ እንግባባ። ኮረት የምለው እንደ ሽንኩርት ራስ አፈር ውስጥ የሚቀመጠውን፣ ሥሩም ቅጠሉም አበባውም የሚወጣበትን ክፍል ነው። ቱሊፕ፣ ዳፎዲል፣ ሃያሲንት፣ ሊሊና አማሪሊስ እንደ ሽንኩርት ንብርብር አላቸው። ግላዲዮለስ፣ ክሮከስና ፍሪዢያ ግን ቢቆረጡ ውስጣቸው ድፍን ነው። ዳሊያ ደግሞ እንደ ስኳር ድንች ያበጠ ሥር ነው። አያያዛቸው ትንሽ ትንሽ ይለያያል እንጂ ሁሉም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ በደጉ ጊዜ ምግብ ያከማቻሉ፣ በክፉው ጊዜ አፈር ውስጥ ተኝተው ያሳልፋሉ።

አንድ ነገር ሞክሩ። ቱሊፕ በሚተከልበት ወቅት አንዱን ኮረት ከላይ እስከ ታች በቢላዋ ለሁለት ሰንጥቁት። አንድ ኮረት ቢባክንም ያዋጣል። መሃሉ ላይ ከጥፍር የምታንስ፣ ወደ ቢጫ የምታደላ አረንጓዴ ነገር ታገኛላችሁ። ቅጠሎቹ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። በውስጣቸው ደግሞ አበባዋ አለች፤ ፔታሎቿም (ባለ ቀለሞቹ የአበባዋ ቅጠሎች) ወንዴዎቿም ተሠርተው አልቀዋል። ይሄን መጀመሪያ ያየሁ ቀን እጄ ላይ ይዤው ዝም ብዬ ቀረሁ። ኮረቱን በገዛችሁበት ቀን አበባው ውስጡ አለ ማለት ነው። እናንተ በውሃና በብርሃን ታስወጡታላችሁ እንጂ አትሠሩትም። የሠራው ያለፈው ዓመት ቅጠል ነው።

አማሪሊስ ላይ ይሄ ነገር በቁጥር ጭምር ይታያል። ኮረቱ ውስጥ በግምት በየ4 ቅጠሉ አንድ የአበባ ዘንግ ይፀነሳል። 4 ቅጠል፣ ከዚያ ዘንግ፣ ደግሞ 4 ቅጠል፣ ከዚያ ሌላ ዘንግ። ያም ዘንግ ወዲያው አይወጣም፤ ውስጥ ለውስጥ ለወራት አድጎ ነው ብቅ የሚለው። ይሄን ካወቅሁ ወዲህ ቅጠል እቆጥራለሁ። በዓመት 3 ቅጠል ብቻ ያወጣ ኮረት በቀጣዩ ዓመት ባያብብብኝ አላዝንበትም። ቅጠል የለውም፣ ከየት ያመጣል?

ቁጥሩን ባታነብም ነገሩን ቀድማ የነገረችኝ አክስቴ ናት። የመጀመሪያውን ቀይ አማሪሊስ ስትሰጠኝ «አበባው ረግፎ ዘንጉ ቢጫ ሲሆን ቁረጪው፣ ቅጠሉን ግን እንዳትነኪው፤ ቀለቡ እሱ ነው» አለችኝ። እኔ ግን በዚያ ዓመት ቅጠሉ ወዲህና ወዲያ እየተጋደመ ቦታ ሲይዝብኝ ጊዜ ከሥሩ ከርክሜ ጣልኩት። በዓመቱ አላበበም። በሁለተኛውም ዓመት አላበበም። አክስቴ መጥታ ስታየው ምንም አላለችኝም፤ ፖቱን ብቻ አንስታ ፀሐይ ወዳለበት መስኮት ወሰደችው።

ስለዚህ አበባው ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ ነው ዋናው ጊዜ። ብዙ ሰው ትኩረቱን የሚያነሳው ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ነው። የደረቀውን አበባ ዘር እንዳይቋጥር ቁረጡት፤ ዘር መቋጠር ከኮረቱ ብዙ ጉልበት ይወስዳል። ዘንጉ አረንጓዴ ሆኖ እስከቆየ ድረስ እሱም ምግብ ይሠራል፤ ቢጫ ሲሆን ታነሱታላችሁ። ፖቱን ብርሃን በደንብ የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት። በየሁለት ሳምንቱ ፖታሲየም የበዛበት፣ ናይትሮጅኑ ያነሰ ማዳበሪያ ስጡት፤ ለቲማቲም ተብሎ የሚዘጋጀው ጥሩ ነው። ናይትሮጅን ከበዛ ቅጠሉ ይንዠረገግና ይለሰልሳል፣ ኮረቱ ግን አይጠነክርም። ቱሊፕና ዳፎዲል ከአበባ በኋላ ቢያንስ 6 ሳምንት ቅጠላቸው ላያቸው ላይ መቆየት አለበት። ራሱ ቢጫ ሆኖ፣ ደርቆ፣ ስትስቡት በቀላሉ እጃችሁ ላይ ሲቀር ያኔ ውሰዱት። ቅጠሉን ጠቅልሎ በላስቲክ ማሰርም ጥሩ አይደለም፤ ብርሃኑን ትከለክሉታላችሁ።

አሁን ስለ ፖቱ። ኮረት ከድርቀት ይልቅ በውሃ ብዛት ይሞታል። ይሄን ደግሜ ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። ኮረቱ ራሱ የውሃና የምግብ ጎተራ ነው፤ አንድ ሳምንት ብትረሱት ምንም አይሆንም። አንድ ሳምንት ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ግን መቀመጫው ይበሰብሳል። ፖቱ ከሥር ቀዳዳ ይኑረው። ያጠራቀመውን ውሃ ከሥሩ ካለው ሳህን ላይ ድፉት። የሸክላ ፖት በጎኑም ስለሚተነፍስ ውሃ ማብዛት ለሚቀናው ሰው ይሻላል፤ የፕላስቲኩ ደግሞ ለሚረሳ ሰው።

ከፖቱ ሥር ጠጠር ስለመደርደርም ላንሳ፤ ውሃው እንዲወርድ ይረዳል ተብሎ ሁላችንም የተማርነው ነገር ነው። አይረዳም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም፤ አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ጠጠሩ ያንን እርጥብ ቦታ ከፍ አድርጎ ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል። ይልቅ አፈሩን ራሱን ቀይሩት። እኔ 2 እጅ ጥሩ የፖት አፈር ከ1 እጅ ሻካራ አሸዋ ወይም ፐርላይት ከሚባለው ነጭና ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ ጋር እቀላቅላለሁ። በእጄ ጨብጬ ስለቀው ፍርክስክስ ካለ ልክ ነው።

ጥልቀቱስ? ለአብዛኞቹ የሚሠራው ልክ የኮረቱን ቁመት 2 ወይም 3 እጥፍ ማድረግ ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቱሊፕ ከላዩ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ይፈልጋል። አማሪሊስ ግን ለየት ይላል። አንገቱና ከኮረቱ ሲሶው ወይም ግማሹ ከአፈር በላይ ይቀራል፤ ፖቱም ጠበብ ይበል፣ ከኮረቱ እስከ ፖቱ ጠርዝ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ሰፊ ፖት ውስጥ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር እርጥብ ሆኖ ይቆይና ይበሰብስበታል። ሊሊ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ብዙዎቹ ሊሊዎች ከኮረቱ በላይ ካለው ግንዳቸውም ሥር ስለሚያወጡ ጠለቅ ያለ ፖት ይፈልጋሉ፤ ከ25 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ፖት ውስጥ አልተክላቸውም።

የሾለው ጫፍ ወደ ላይ፣ የደረቀ ሥር ያለበት ጠፍጣፋው ወደ ታች። ግራ የሚያጋባ ቅርጽ ካለው በጎኑ አስተኙት፤ መንገዱን ራሱ ያገኛል። ፖት ውስጥ ሲሆን መሬት ላይ ከሚተከለው ይልቅ ጠጋ ጠጋ ማድረግ ይቻላል፣ እርስ በርስ ብቻ አይነካኩ። ቱሊፕ ላይ አንድ የምወዳት ነገር አለች። ኮረቱ አንድ ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ያንን ጎን ወደ ፖቱ ግድግዳ አዙራችሁ ብትተክሉት የመጀመሪያው ትልቁ ቅጠል ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ ፖቱ በሙሉ ዙሪያውን በቅጠል የተከበበ ይሆንና አበቦቹ መሃል ላይ ይቆማሉ።

ከዚያ ብርዱ አለ። ብርድ በሌለበት አገር ቱሊፕ ለመትከል የሞከረ ሰው የሚያየውን አውቀዋለሁ። አበባው ቁመት ሳይኖረው በቅጠሎቹ መሃል ተወሽቆ ይቀራል፣ ወይ እንቡጡ ሳይፈታ ይደርቃል። አበባው ውስጡ ተሠርቶ እያለ ለምን? ምክንያቱም ዘንጉ እንዲመዘዝ ኮረቱ ረጅም ብርድ ማሳለፍ አለበት። በብርዱ ጊዜ ያከማቸው ስታርች ወደ ስኳር ይቀየራል፣ ለዕድገት የሚያነሳሱት ሆርሞኖችም ይዘጋጃሉ። ቱሊፕ ከ12 እስከ 16 ሳምንት፣ ከ9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች። ዳፎዲልም እንደዚያው ነው። ሃያሲንት ትንሽ ያንሰዋል።

አገሩ የማይበርድ ከሆነ ፍሪጅ ይሠራል። ኮረቱን ፕላስቲክ ሳይሆን ወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ታስቀምጡታላችሁ፤ ግን ከፍራፍሬ ጋር አይደለም። ፖምም ሙዝም ሲበስል ኢቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ያ ጋዝ ደግሞ በኮረቱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ አበባ ይገድላታል። ከውጭ ምንም አይታይም። ኮረቱ ጠንካራ ነው፣ ቅጠልም ያወጣል፣ አበባ ግን የለም። አንድ ዓመት 20 ቱሊፕ በዚህ አጥቻለሁ፤ 14 ሳምንት በጥንቃቄ ቆጥሬ፣ ከጎናቸው የፖም ከረጢት እንዳለ ልብ ሳልል።

ብርድ የማይፈልጉትን መምረጥም አለ፤ እኔ ወደዚያ ካደላሁ ቆይቻለሁ። አማሪሊስ፣ ፍሪዢያ፣ ግላዲዮለስ፣ ክራይነም፣ ነጭና ሽታው ከሩቅ የሚጣራው የፖት ናርሲስ፣ ዝናብ ሲጥል ድንገት ፈንድቶ የሚያብበው የዝናብ ሊሊ። እነዚህ ብርድ ሳይጠይቁ ያብባሉ።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል። በየሱቁ አማሪሊስ ተብሎ የሚሸጠው ትልልቅ አበባ ያለው ተክል በሳይንስ ስሙ ሂፒያስትረም ነው፤ ዘመዶቹ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ናቸው። አማሪሊስ የሚለው ስም የደቡብ አፍሪካ ተክል ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ተከራክረውበት እ.ኤ.አ. በ1987 በተደረገው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጉባኤ ስሙ ለደቡብ አፍሪካው ጸንቷል። ሻጩም ገዢውም ግን አማሪሊስ ማለቱን አልተወም፤ እኔም አልተውኩም።

አሁን ወደ ዘሩ ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው።

ኮረት በሁለት መንገድ ይራባል። አንደኛው ከጎኑ ልጆች ማውጣት ነው። ልጆቹ ከእናታቸው አንድ ናቸው፤ ቀለሟን ይይዛሉ፣ መልኳን ይይዛሉ፣ በሽታ ካለባትም በሽታዋን ይወርሳሉ። ሁለተኛው ዘር ነው። ከዘር የሚበቅለው ግን እናቱንም አባቱንም አይሆንም። ከአንድ ፍሬ የወጡ 40 ዘሮች 40 የተለያዩ አበቦች ናቸው። ከዚህ በፊት ማንም አይቷቸው አያውቅም።

በሽታ ያልኩት እንዲሁ አይደለም። ቱሊፕ ላይ የደረሰው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1593 ካሮሉስ ክሉሲየስ የሚባል የዕፅዋት ሊቅ በኔዘርላንድ ላይደን ከተማ ቱሊፕ ተከለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከሁሉም በላይ የተወደዱት በፔታላቸው ላይ እንደ ነበልባል የተንቦገቦገ መስመር ያላቸው ቱሊፖች ነበሩ። ዋጋቸው ሰማይ ነካ፤ እ.ኤ.አ. በ1637 የካቲት ላይ ገበያው ተንኮታኩቶ ወደቀ። ያ መስመር ከየት እንደሚመጣ ግን ማንም አያውቅም ነበር። አንድ ዓመት ወጥ ቀለም የነበረው ቱሊፕ በሌላው ዓመት ዥንጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ምስጢሩ የተፈታው ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ዶሮቲ ኬይሊ የተባለች ተመራማሪ ነገሩ ከታመመ ኮረት ወደ ጤነኛው የሚተላለፍ በሽታ መሆኑን አሳየች። ቫይረስ ነው፤ የሚያዛምተውም ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ነው። ሰዎች በዚያ ሁሉ ገንዘብ የገዙት አበባ የታመመ አበባ ነበር። ኮረቱ ከዓመት ዓመት እየደከመ ይሄዳል፣ ልጆቹም አብረውት ይደክማሉ፤ ከሁሉ የከበረው ሴምፐር አውጉስቱስ የሚባለው ቱሊፕ ዛሬ የለም። ይሄ ቫይረስ ግን በዘር አይተላለፍም። ከታመመች እናት የተለቀመ ዘር ጤነኛ ሆኖ ይጀምራል። ይሄን ያነበብኩ ቀን ነው ዘር ለመሞከር የወሰንኩት።

አማሪሊስ ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀል ነው፤ አበባው ትልቅ ስለሆነ ሁሉ ነገር በዓይን ይታያል። ወንዴዎቹ 6 ናቸው፤ አበባው በተከፈተ በአንድ ሁለት ቀን ቢጫ ብናኝ ይለብሳሉ። ሴቴዋ አንድ ናት፤ ከወንዴዎቹ አልፋ ረዝማ ትወጣለች። መጀመሪያ ጫፏ ዝግ ነው። ከቀናት በኋላ ጫፏ ለ3 ተከፍሎ ይገለበጣል። ያኔ ዝግጁ ናት ማለት ነው። በጣቴ ወይም በትንሽ የሥዕል ብሩሽ ከአንዱ አበባ ብናኝ ወስጄ እዚያ ላይ እቀባለሁ። ብናኙ ቀድሞ ከደረሰ በወረቀት ጠቅልሎ ደረቅ አድርጎ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ይቻላል። እኔ የአክስቴን ቀይ ከአንድ ነጭ ጋር ነው ያገናኘሁት። ክር አስሬ ቀኑንም ጻፍኩበት።

ከያዘ አበባው ይረግፍና ከሥሩ ያለችው አረንጓዴ እብጠት ማደግ ትጀምራለች። ሦስት ክፍል አላት። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቢጫ ትሆንና በራሷ ትሰነጠቃለች። ውስጧ ጥቁር፣ ስስ፣ እንደ ተቃጠለ ወረቀት የሳሱ ዘሮች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው ይገኛሉ። ሁሉም ዘር ፍሬ የለውም። ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት፤ መሃሉ ላይ ጠጠር ያለች እብጠት ካለች ይበቅላል፣ ከሌለች ባዶ ነው። ዘሩ ቶሎ ይሞታል፤ ለዓመት የሚቀመጥ አይደለም። እንደወጣ ዝሩት።

እኔ 40 ዘር መርጬ ሰፊ ሳህን ላይ ውሃ አድርጌ አንሳፈፍኳቸው። ስስ ስለሆኑ አይሰምጡም። ሞቅ ባለ ቦታ አስቀመጥኩት፤ ውሃውን በየሁለትና ሦስት ቀኑ እቀይራለሁ። በ2 ሳምንት አካባቢ ከአንዱ ጠርዝ ነጭ ሥር ብቅ አለ። በ3 ሳምንት 34ቱ ሥር አውጥተው ነበር። ሥሩ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አፈር ውስጥ ሥሩን ቀብሮ ዘሩን ከላይ መተው ነው። አፈር ላይ በቀጥታ መዝራትም ይሆናል፤ ውሃው ላይ ግን የትኛው ሕይወት እንዳለው ታያላችሁ፤ ማየቱ ደግሞ ደስ ይላል።

ከ34ቱ 15ቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሞቱ። ጥፋቱ የእኔ ነው። በላስቲክ ሸፍኜ፣ ውሃ አብዝቼ፣ አየር ሳላስገባ ተውኳቸው። ቡቃያው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ይቀጥንና ጧት ስታዩት ወድቆ ይገኛል፤ ፈንገስ ነው። አሁን ከላይ ስስ ሻካራ አሸዋ አለብሳለሁ፣ ውሃ ከታች ነው የማጠጣው፤ ፖቱን ሳህን ላይ ለ20 ደቂቃ አስቀምጬ አወጣዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አልሞተብኝም።

የመጀመሪያው ዓመት ሣር ነው የሚመስለው። አንድ ቀጭን ቅጠል፣ ከወራት በኋላ ሁለተኛ። አፈሩን ጫር አድርጋችሁ ብታዩ የአተር ፍሬ የምታህል ነጭ ኮረት ታገኛላችሁ። በሁለተኛው ዓመት የአውራ ጣት ጫፍ ታህላለች። በሦስተኛው እንቁላል። በእነዚህ ዓመታት ማሳረፍ አያስፈልግም። ትልቁን አማሪሊስ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ውሃ ከልክለን እናሳርፈዋለን፤ ሕፃኑን ግን አይደለም። ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ ይዞ ቢከርም ተዉት፤ እያንዳንዱ ቅጠል ኮረቱን ያወፍረዋል። ዛሬ ያበበው ኮረቴ ባለፈው ወር ስለካው ዙሪያው 23 ሳንቲ ሜትር ነበር። ወንድሞቹ ከ20 አይበልጡም። ሁሉም የአንድ ቀን ልጆች ናቸው፤ እሱ ግን ጥሩውን መስኮት ነው ያገኘው።

4 ዓመት የሚበዛበት ሰው ካለ በፍሪዢያ ይጀምር። ዘሩን አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ነክሮ የዘራ ሰው በዓመት ውስጥ አበባ ሊያይ ይችላል። ፎርሞሳ ሊሊ የምትባለዋ ረጅም ነጭ ሊሊም ከዘር በፍጥነት ታብባለች፤ በዓመት ገደማ። የዝናብ ሊሊ በአንድ ወይ በሁለት ዓመት። ክራይነም ደግሞ ዘሩ እንደ ትንሽ ድንች የወፈረ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ብትረሱት ያለ አፈርም ያለ ውሃም ሥር ያወጣል። እሱን መቅበር የለባችሁም፤ አፈሩ ላይ ጣል ማድረግ ብቻ ነው። ሳይክላመን ግን ጨለማ ካላገኘ አይበቅልም፤ መሸፈን አለበት።

ቱሊፕ ከዘር ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል፤ ዳፎዲልም እንዲሁ። ቱሊፑን ዘርቼዋለሁ፤ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። በዓመት አንድ ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው። ግን አፈር ውስጥ የሚሠራውን ብታዩ ትወዱታላችሁ። ሕፃኑ ኮረት ወደ ታች ቱቦ መሳይ ነገር ይልክና አዲሱን ኮረት በቱቦው ጫፍ፣ ከበፊቱ ጠልቆ ይሠራዋል። በየዓመቱ እየጠለቀ ይሄዳል። ሌሎች ኮረቶች ደግሞ የሚጎትት ሥር አላቸው፤ ሥሩ አፈር ይይዝና ይኮማተራል፣ ኮረቱን ወደ ታች ይስበዋል። ዘር ላዩ ላይ ወድቆ ኮረቱ እንዴት ያን ያህል ጥልቀት ውስጥ እንደሚገኝ ለረጅም ጊዜ ግራ ይገባኝ ነበር፤ ለካ ራሱ ነው የሚሄደው።

ስለ በሽታ ባጭሩ። አማሪሊስ ቅጠልና ዘንግ ላይ ቀይ ቁስል ካያችሁ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። የታመመውን ቁረጡ፣ አንገቱ ላይ ውሃ አታፍስሱ፣ አየር ይግባው። ነጭ ጥጥ መሳይ ተባይ በቅጠሎቹ መሃል ይደበቃል፤ አልኮል በነካ ጥጥ ይጠረጋል። ክሽክሽን ቶሎ አጥፉ፤ ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ልጅ ወይም ድመት ያለው ሰው ይሄን ያንብብ። የዳፎዲልና የአማሪሊስ ኮረት መርዝ ነው፤ ላይኮሪን የሚባል ነገር አለው፣ የበላው ሰው ክፉኛ ያስመልሰዋል። ሽንኩርት ስለሚመስል ኩሽና አካባቢ አታስቀምጡት። ሊሊ ደግሞ ለድመት ገዳይ ነው። ቅጠሉም፣ ብናኙም፣ የቆመበት ውሃም ኩላሊቷን ያበላሸዋል። ድመት ባለበት ቤት ሊሊ አታስገቡ፤ ሌላ ሞልቷል። ከዳፎዲልና ከአማሪሊስ ቤተሰብ ግን መድኃኒትም ወጥቷል። ጋላንታሚን የሚባለው በአልዛይመር የመርሳት ችግር ለገጠማቸው ሰዎች የሚሰጥ መድኃኒት መጀመሪያ የተገኘው ስኖውድሮፕ ከምትባል ትንሽ ነጭ አበባ ነው። ዳፎዲልም አለው።

የእኔው አበባ ቀይም ነጭም አይደለም። ጫፉ ላይ የደበዘዘ ቀይ ነው፣ ወደ መሃል ሲገባ ወደ ሮዝ ይሳሳና ጉሮሮው ላይ አረንጓዴ ይሆናል። በእያንዳንዱ ፔታል መሃል ከእናቱም ከአባቱም ላይ አይቼው የማላውቅ ነጭ መስመር ወርዶበታል። ዘንጉ ላይ 2 እንቡጥ ነው ያለው፤ አንዱ ገና አልተፈታም። የሴቴዋ ጫፍ ዝግ ነው። ከወንድሞቹ 8ቱ እኔ ጋ ናቸው፣ የቀሩትን ለሰው ሰጥቻለሁ፤ ከ8ቱ አንዱ ዘንጉን ማሳየት ጀምሯል። ከደረሰልኝ እነሱን አገናኛቸዋለሁ፤ ክሩንም አዘጋጅቻለሁ።

ፎቶውን ለአክስቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። ስለ ቀለሙ ታወራለች ብዬ ስጠብቅ «ቅጠሉስ ደህና ነው?» አለችኝ። ቆጠርኩላት። 6 ነው፤ ሰባተኛው ጫፉን ብቅ አድርጓል።